በሩን የዘጋ እጅ

ሲላስ ቡራዩ ባለው መሥሪያ ቤቱ ውስጥ፣ ከሰርቨሮቹ አጠገብ፣ ወለሉ ላይ በተነጠፈ ቀጭን ፍራሽ ላይ ሞቶ ተገኘ። ብርድ ልብሱ እስከ አገጩ ተስቦለታል። ፊቱ ስቃይ ያየ ሰው ፊት አይመስልም፤ ከብዙ ድካም በኋላ እንቅልፍ የጣለው ሰው ፊት ነው የሚመስለው። ከበሩ ፊት ለፊት፣ ጠባቡ ኮሪደር ውስጥ፣ ነዳጁን ጨርሶ የቀዘቀዘ ጄኔሬተር ቆሟል። ቤቱ ገና ጭስ ጭስ ይላል።

ኢንስፔክተር ላሊሴ ስትደርስ አለቃዋ ኮማንደር ጌታቸው ቀድሟት ነበር። መስኮቶቹን አስከፍቶ፣ አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ ይጠብቃታል።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አላት። «መብራት ጠፋ፣ ዝናቡ ከባድ ነበር፣ ልጁ ጄኔሬተሩን ጎትቶ አስገባ፣ ጭሱ ገደለው። በየክረምቱ የምናየው ነው።»

ላሊሴ ጎንበስ ብላ ጄኔሬተሩን ዞረችው። ገመዱ እጀታው ላይ እንደተጠቀለለ፣ በላስቲክ እንደታሰረ ነው።

«ጌታዬ፣ ይሄ ጄኔሬተር ለማን ነው መብራት የሰጠው?»

«ማለት?»

«ገመዱ ከምንም ጋር አልተያያዘም። ነዳጁ እስኪያልቅ የሠራው ጭስ ለማምረት ብቻ ነው።»

ኮማንደሩ መሐረቡን ከአፍንጫው አወረደ። ላሊሴ ወደ ኮሪደሩ ጫፍ ሄዳ የቆጣሪውን ሳጥን ከፈተች። ዋናው ብሬከር ወደ ታች ወርዷል። በመስኮቱ ስታይ ደግሞ አጠገባቸው ያለው ዳቦ ቤት አምፖሉ ቦግ ብሎ ይታያል። ልካ አስጠየቀች፤ ምሽቱን በሙሉ መብራት እንዳልጠፋ ዳቦ ጋጋሪዎቹ ነገሯት።

አስከሬኑን ያገኙት የግቢው ዘበኛ ኦቦ ሊቤ ደጅ ላይ ኩርምት ብለው ተቀምጠዋል።

«አከም ቡልተኒ፣ ኦቦ ሊቤ?» ብላ እንዴት እንዳደሩ በኦሮምኛ ጠየቀቻቸው።

«ነጋ፣ ኢንተላ ኮ። ደህና ነው ከተባለ፣ ልጄ።» ዓይናቸውን ጠረጉ። «ሲላስ ጄኔሬተር ቤት ውስጥ አያስገባም። እኔ እንኳ ዝናብ ፈርቼ ወደ በረንዳው ባስጠጋው "ኦቦ፣ ሰው ይፈጃል" ብሎ ይቆጣኝ ነበር።»

«ምሽቱን ማን መጣ?»

«ያ የተፍኪው ልጅ መጣ፤ ሚስቱ የሞተችበት። ከሲላስ ጋር ተነጋግሮ ወጣ። ከዚያ ዶፉ ወረደ። እኔ ኩሽና ገባሁ። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ሲመታ ሌላ ምን ይሰማል? በሩም አልተቆለፈም ነበር።»

ኮማንደር ጌታቸው ይህን ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ። «ጌዲ!» አለ። ከሰዓት በፊት ጌዲ በካቴና ታስሮ ጣቢያ ገባ።

*

ሲላስ ይሠራበት የነበረው ድርጅት «ደራሽ» ይባላል። ሰው ስልኩን አውጥቶ አንዴ ሲጫን አምቡላንስ ያለበት ድረስ ይመጣለታል። ዋናው ሰርቨር ቡራዩ ነው፤ ከደንበኛው የሚመጣውን ጥሪ መጀመሪያ የሚቀበለው ሌላ ሰርቨር ሱሉልታ ነው፤ አምቡላንሶቹና ጥሪ ተቀባዮቹ ደግሞ ሰበታ ናቸው። በዚያው ክረምት መግቢያ ላይ፣ የግንባታ ሠራተኛው ጌዲ ተፍኪ በተከራየው ቤት ውስጥ ሚስቱ ቤቴል ምጥ ላይ ሆና ደም ፈሰሳት። ስልኩን ተጫነ፤ እምቢ አለው። ደጋግሞ ተጫነ። በመጨረሻ በባጃጅ ጭኗት ወጣ። ሕፃኗ ተረፈች። ቤቴል ሰበታ ሳትደርስ መንገድ ላይ አረፈች።

ድርጅቱ «ቡራዩ መብራት ጠፍቶ ሰርቨሩ ቆመ፤ መጠባበቂያ ባትሪውን ያልፈተሸው የሰርቨር ባለሙያው ሲላስ ነው» አለ። ከቀብር በኋላ ጌዲ ቡራዩ ድረስ ሄዶ ሲላስን ኮሌታውን አንቆ «አንተ ነህ የገደልካት!» ሲል ሰፈሩ በሙሉ ሰምቷል።

አሁን ላሊሴ ፊት ተቀምጦ ግድግዳውን ያያል።

«ወደ ሲላስ ለምን ሄድክ?»

«ራሱ ደውሎ ጠራኝ። ጥፋቱ የእኔ ከሆነ እግርህ ላይ እወድቃለሁ፣ ግን መጀመሪያ የሆነውን ንገረኝ አለኝ። ስልኬን አሳየሁት።»

«ስልክህ ላይ ምን አለ?»

«የዚያን ቀን እምቢ ሲለኝ የወጣው ጽሑፍ። እንግሊዝኛ ስለሆነ ለሚያነብ ሰው ላሳይ ብዬ ፎቶ አስቀርቼው ነበር።» ድምፁ ተሰበረ። «እሷ እየደማች እኔ አንባቢ እፈልጋለሁ።»

ላሊሴ ከንብረቶቹ መሐል ስልኩን አውጥታ ፎቶውን አየች። ነጭ ገጽ፣ መሐሉ ላይ ትልቅ ቁጥር፦ 503።

«ሲላስ ይህን ሲያይ ምን አለ?»

«ቁጭ አለ። ላብ አጠመቀው። "ጌዲ፣ ይህ መብራት አይደለም፤ ይህ ሰው ነው" አለኝ። ማን ስለው፣ "እስከ ነገ ታገሰኝ" አለ። ታግሼው ወጣሁ።» ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት። «እርስዎ ደክመዋል። እኔም ደክሞኛል። እሱ ነው በሉና ተገላገሉ።»

ከምርመራ ክፍሉ ስትወጣ እህቱ ጣቢታ ሕፃኗን በጀርባዋ አዝላ ኮሪደሩ ላይ ጠበቀቻት። ሕፃኗ ታለቅሳለች፤ ግን ጉልበት ያጣ ልቅሶ ነው።

«እመቤቴ፣ ይልቀቁት! ጸልየን ጸልየን ጉልበታችን አለቀ። እኔ ፋብሪካ ነው የምሠራ፤ ዛሬ ቀርቻለሁ፤ ነገም ከቀረሁ ያባርሩኛል። ይህችን ማን ይያዝ? ወተቱን እንኳ የምታመጣልን ኤልሳቤት የምትባል የድርጅቱ ሠራተኛ ናት።»

«ማን ላካት?»

«ማንም። በራሷ ነው የመጣች። ታቅፋት ታቅፋት ታለቅሳለች።»

ላሊሴ እጇን ወደ ሕፃኗ ሰዳ መልሳ ሰበሰበችው።

*

የድርጅቱ ባለቤት አቶ ይገዙ ቡራዩ ቢሮው ውስጥ ቁጭ ብድግ ይላል። ላሊሴ የሲላስን ላፕቶፕ ጠረጴዛው ላይ ከፍታ አኖረችው። ሟቹ መጨረሻ ያየው ገጽ እንዳለ ነው፦ 403።

«ይህ ምን ማለት ነው?»

ይገዙ አየውና ዓይኑን ሰበረ። «ልግባ ብሎ ተከልክሏል ማለት ነው። ፈቃዱን የነጠቅኩት እኔ ነኝ። ሰው ሞቶብን እንዴት ዝም ልበል? አሁን የሰርቨሩን የውስጥ መረጃ ለማየት የእኔ ወይም የኤልሳቤት ቁልፍ ያስፈልጋል። የሰበታው ኃላፊ እሷ ስለሆነች ሁሉም ቁልፍ አላት።»

«ምሽቱን የት ነበሩ?»

«ሱሉልታ ለቅሶ ቤት። ድንኳን ሙሉ ሰው አይቶኛል።»

«ቤቴል በሞተችበት ቀን ቡራዩ መብራት መጥፋቱን ማን ነገረዎት?»

«ከሰበታ ነው የተነገረኝ። ኤልሳቤት።»

«አጣሩ?»

ይገዙ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ ከዚያ በኋላ አልተነሳም።

ላሊሴ በዝናብ ውስጥ ወደ ሰበታ ነዳች። የጥሪ መቀበያው ጠባብ ክፍል ነው፤ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ስክሪን፣ በመስኮቱ በኩል ግቢው ውስጥ የቆመ አምቡላንስ። ሌላው ጎማው ወልቆ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ኤልሳቤት ጎልማሳ፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። ወንበር ስባ አስቀመጠቻት። ዓይኖቿ አብጠዋል።

«ሲላስ ወንድሜ ማለት ነበር» አለች።

«ምሽቱን የት ነበርሽ?»

«እዚሁ። ተራዬ ነበር። ብቻዬን ነበርኩ።»

«ሌሊቱን ሲላስ ጋ ችግር እንዳለ አላወቅሽም?»

«ስክሪኑ 504 አለኝ። ቡራዩ መብራት ጠፋ ማለት ነው። እንግዲህ በስልክ የሚደውል ካለ ብዬ ቁጭ አልኩ። እስኪነጋ 504 እንዳለ ነበር። ነፍሱን ይማረው፤ ያኔ እኮ እየሞተ ነው።»

«ቤቴል የሞተች ጊዜስ አምቡላንሱ የት ነበር?»

«ግቢ ውስጥ። ጥሪ ቢደርሰን አንሄድም ነበር?» ኤልሳቤት ይህን ስትል እጆቿን ጠረጴዛው ሥር አስገባች።

ላሊሴ ወጥታ መኪናዋ ውስጥ ሞተር ሳታስነሳ ተቀመጠች። ሦስት ቁጥሮች በጭንቅላቷ ይዞራሉ። ኮማንደር ጌታቸው ደወለ።

«ላሊሴ፣ ጌዲ ነገ ፍርድ ቤት ይቀርባል። ግንበኛ ነው፣ ጄኔሬተር ያውቃል፣ ዝቷል፣ ቦታው ላይ ታይቷል። ምን ቀረሽ?»

«ሲላስን ብርድ ልብስ ያለበሰው ማን ነው፣ ጌታዬ? የሚጠላው ሰው ነው?»

«ራሱ ለብሶ ይሆናላ!»

«አንድ ቀን ብቻ።»

«ቀን የለኝም» ብሎ ዘጋው።

*

የሱሉልታው ባለሙያ አዶናይ ወጣት ነው። ላሊሴን ሲያይ ገና ከወንበሩ ተነሳ።

«ከሲላስ ጋር ከተነጋገርኩ ቆይቻለሁ» አለ።

«ስልኩ ላይ መጨረሻ የደወለው ላንተ ነው።»

አዶናይ የራሱን ስልክ ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«አዶናይ፣ አንድ አባት ነገ ፍርድ ቤት ይቆማል። ሚስቱን ቀብሯል። ልጁ የምትጠጣው ሰው ያመጣላትን ወተት ነው። የምትደብቀው ነገር ከዚህ ይበልጣል?»

ልጁ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «ከሲላስ ጋር እንዳልሠራ አቶ ይገዙ ከልክሎኝ ነበር። እባረራለሁ ብዬ ነው የዋሸሁት።»

«መጀመሪያ ቁጥሮቹን አስረዳኝ። እንደማያውቅ ሰው።»

አዶናይ ዓይኑን ጠርጎ ወንበሩን አስጠጋ። «እዚህ ያለውን ሰርቨር በረኛ ነው በሉት። ሰው አምቡላንስ ሲጠራ መጀመሪያ የሚያገኘው በረኛውን ነው። በረኛው ዞሮ ቡራዩ ያለውን ዋናውን ይጠይቃል። ዋናው መብራት ጠፍቶበት ከሆነ በረኛው ጠብቆ ጠብቆ 504 ይላል። ጠየቅኩ፣ መልስ የለም ማለት ነው።»

«503ስ?»

«እኛ ጋ 503 የሚመጣው ሰው በእጁ "ዝግ ነው" የሚል ምልክት ሲሰቅል ብቻ ነው። ያኔ በረኛው ወደ ውስጥ ጨርሶ አይጠይቅም። የመጣውን ሁሉ ከደጅ ይመልሳል።»

«ዋናው ሰርቨር መብራት ቢኖረውም ባይኖረውም?»

«ባይኖረውም። ምልክቱ እስካለ መልሱ 503 ነው።»

ላሊሴ ወደ ፊት ተጠጋች። «ሲላስ የደወለልህ ምን ብሎ ነው?»

«የተፍኪውን ቀን መረጃ ልፈትሽ ነው፣ በመሐል ሌላ ነገር ገብቶ እንዳያበላሽብኝ በሩን ዝጋልኝ አለ። ዘጋሁለት። ከዚያ ግን ዋናው ሰርቨር 403 ብሎ ከለከለው። ቁልፍ የላችሁም ወይ አለኝ። እኔ የምልክቱ ቁልፍ እንጂ የውስጡ የለኝም፤ ይገዙን ወይ ኤልሳቤትን ጠይቅ አልኩት።»

«ምልክቱን መቼ አወረድከው?»

«ጎህ ሲቀድ። መሞቱን ኦቦ ሊቤ ደውለው ሲነግሩኝ ደነገጥኩና ቶሎ አወረድኩት። ማንም እንዳያውቅብኝ።»

«ስለዚህ ምሽቱንና ሌሊቱን በሙሉ፣ ከሰበታም ሆነ ከየትም የጠራ ሰው...»

«503 ነው ያየው። ሌላ ሊያይ አይችልም። በረኛው የመለሰውን ሁሉ ይዞታል፤ ይኸው ይዩት።»

ላሊሴ አየችው። ከዚያ ለረጅም ጊዜ በመስኮቱ ወደ ውጭ ተመለከተች፤ በጭቃው ዳር ሯጮች ዝናቡን ሳይሰሙ ያልፋሉ። መልሱን በማግኘቷ ደስ ሊላት ይገባ ነበር። እሷ ግን ዝርዝሩን አትሞ ሲሰጣት ሳታመሰግነው ወጣች።

*

በማግስቱ፣ ጌዲ ወደ ፍርድ ቤት ከመወሰዱ በፊት፣ ላሊሴ ሁሉንም ቡራዩ ሰበሰበቻቸው። ጌዲ ካቴናው እንዳለ ጥግ ላይ ተቀመጠ። ይገዙ፣ ኤልሳቤትና አዶናይ ጠረጴዛውን ከበቡ። ኮማንደር ጌታቸው እጁን አጣምሮ በሩን ተደግፎ ቆመ።

«ሲላስ የሞተው በአደጋ አይደለም» ብላ ጀመረች። «ጄኔሬተሩ ለማንም መብራት አልሰጠም። የሰፈሩ መብራትም አልጠፋም፤ የዚህ ቤት ብሬከር ነው በእጅ የወረደው። ስለዚህ ብሬከሩን ያወረደና ጄኔሬተሩን ያስነሳ ሰው አለ። ያ ሰው ለሲላስ እንግዳ አይደለም። ሲላስ ተኝቷል፤ ብርድ ልብስ ለብሷል። ካልታመነ ሰው ፊት እንዲህ አይተኛም።»

«ጌዲ ከሆነስ?» አለ ኮማንደሩ።

«ጌዲ እንዲሞትለት የሚፈልገው ገና ስሙ ያልታወቀውን ሰው ነበር። ሲላስ ደግሞ ያንን ስም ሊያወጣለት እየሠራ ነው። ሲላስ በሕይወት እንዲያድር ከጌዲ የበለጠ የሚመኝ አልነበረም።» ስልኩን አንስታ ፎቶውን አሳየች። «ቤቴል በሞተችበት ሰዓት በሩ የመለሰው 503 ነው። መብራት ጠፍቶ ቢሆን 504 ይል ነበር። ሰው በእጁ ዘግቶታል። "መብራት ጠፋ" የሚለው ወሬ ውሸት ነው፤ ወሬው የተነሳው ከሰበታ ነው።»

ይገዙ ቀስ ብሎ ዞሮ ኤልሳቤትን አያት።

«እኔ የመሰለኝን ነው የተናገርኩት» አለች ኤልሳቤት።

«ይሁን። ወደ ሲላስ ምሽት እንምጣ። ቁልፍ አጥቷል፤ 403 ብሎታል። ቁልፍ ያላቸው ሁለት ናቸው። የነጠቀውን ይገዙን አይለምንም። እንደ እህቱ የሚያያትን ይለምናል። ኤልሳቤት፣ አንቺ ግን ምሽቱን ሰበታ ነበርኩ፣ ስክሪኔ እስኪነጋ 504 ይል ነበር አልሽኝ።»

«አዎ። ብሎኛል።»

«ሊልሽ አይችልም። አዶናይ፣ ንገራት።»

አዶናይ ኤልሳቤትን ማየት አቃተው። «ኤልሲዬ... ሲላስ ለምኖኝ በሩን ዘግቼው ነበር። ምሽቱን በሙሉ 503 ነበር የሚለው። ጎህ ሲቀድ ነው ያወረድኩት።»

ይገዙ ወንበሩን ከኤልሳቤት ፈቀቅ አደረገ።

«ስክሪንሽ ፊት ብትሆኚ 503 ታይ ነበር» አለች ላሊሴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «504 ያየሽው ስትመለሺ፣ ጠዋት ነው፤ ያኔ ምልክቱ ወርዷል፣ እዚህ ያለው ሰርቨር ደግሞ መብራት የለውም። ብሬከሩ ከወረደበት ጊዜ ጀምሮ እንዲሁ ሲል ያደረ መሰለሽ። ብሬከሩ መውረዱን ያወቅሽው ራስሽ ስላወረድሽው ነው። እንግዲህ ቀሪው ወተቱ ነው። ማንም ሳይልክሽ ለዚያች ሕፃን ወተት የወሰድሽው ለምን ነበር?»

ኤልሳቤት ጌዲን አየች። ከዚያ እንደ ተቆረጠ ዛፍ ጠረጴዛው ላይ ተደፋች።

«እናቴ ነበረች» አለች። «ያን ቀን እናቴ ራሷን ስታ ወደቀች። ሹፌሩ አልነበረም፤ የሚሠራው አምቡላንስ አንድ ብቻ ነው። ራሴ ነዳሁት። ሰው ጠርቶን በከንቱ እንዳይጠብቅ ብዬ በሩን ዘጋሁት። ሌላ መኪና ቶሎ ይፈልጋል ብዬ! ስመለስ ከተፍኪ የመጣውን ሰማሁ። መብራት ጠፋ አልኩ። አንዴ ካልኩ በኋላ መመለሻ አጣሁ።»

«ሲላስስ?» አለ ይገዙ፤ ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት።

«በቴሌግራም ጠራኝና መጣሁ። ቁልፍሽን ስጪኝ፣ በሩን የዘጋ ሰው አለ አለኝ። እኔን አልጠረጠረም። እኔን! ቀስ ብዬ ብሬከሩን አወረድኩት፤ መብራት የለም፣ ነገ ታየዋለህ ልለው። እሱ ግን እንቅልፍ ካየ ሰንብቷል። "መብራት ሲመጣ ቀስቅሺኝ" ብሎ ፍራሹ ላይ ወደቀ። ብርድ ልብሱን አለበስኩት። ግን ነገ ሲነጋ እውነቱን ማወቁ አይቀርም አልኩ። ወጥቼ ጄኔሬተሩን ስጎትት ድምፁ ይቀሰቅሰዋል ብዬ ነበር። ቢነቃ እነግረው ነበር፤ በእግዚአብሔር ስም እነግረው ነበር። አልነቃም። ደጅ ላይ በዝናቡ ቆምኩ። ተመልሼ ላጥፋው፣ ተመልሼ ላጥፋው እላለሁ። እግሬ ወደ አስፋልቱ ወሰደኝ።»

አዶናይ ጮክ ብሎ አለቀሰ። ኮማንደር ጌታቸው ሄዶ የጌዲን ካቴና ፈታ። ጌዲ አንጓዎቹን እያሻሸ ብድግ አለ። ሊመታት ነው ብለው ሁሉም ተሳቀቁ፤ ላሊሴ አንድ እርምጃ ቀረበች። እሱ ግን ኤልሳቤት ፊት ሄዶ ቆመ።

«እናትሽ ተረፉ?»

ኤልሳቤት ቀና ማለት አልቻለችም። ራሷን ብቻ በአዎንታ ነቀነቀች።

ጌዲ በሩን ከፍቶ ወጣ። ደጅ ላይ ጣቢታ ስታየው ስትጮህ ተሰማ፤ የእሱ ድምፅ ግን አልተሰማም።

ኤልሳቤት ወደ መኪናው ስትወሰድ ላሊሴን በዓይኗ ፈለገቻት። «እናቴ ብቻዋን ናት» አለቻት። «ምሳዋን የማበላት እኔ ነኝ። ከሰው አፍ እንዳትሰማው። እባክዎ።»

ላሊሴ ይህን ለሌላ ፖሊስ ልትሰጠው ትችል ነበር። አልሰጠችውም። ሰበታ ደርሳ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ፣ ጭቃውን እየዘለለች አንድ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር ፊት ቆመች። አጥሩ ላይ የታጠበ ልብስ ተሰጥቷል፤ ዝናቡ እንደገና አርሶታል። የምትለውን በልቧ ደጋግማ አሰናዳች፤ ሁሉም ከአፏ ሳይወጣ ፈረሰባት።

ሁለቴ አንኳኳች።

ከውስጥ የከዘራ ድምፅ፣ ከዚያም የሚጎተት ጫማ ተሰማ። «መጣሁ፣ መጣሁ» አለ ደስ ያለው የአሮጊት ድምፅ። «ኤልሲዬ፣ ዛሬስ በጊዜ መጣሽልኝ?»